ደካማው ቁርጭምጭሚቱ ነው ወይስ ጫማው?

ሮለር ስኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫማ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለመታዘብ ወጣቶች በሚለማመዱበት የአዲስ አበባ አስፋልት ዳር ጥቂት መቆም ይበቃል። ጀማሪው ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንሸራተት ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ቀጥ ብለው መቆም የነበረባቸው ጎማዎችም በጎናቸው ይጋደላሉ። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ይዝላል፣ የውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንቱ ይፋቃል። በመጨረሻም ጫማውን አውልቆ «የኔ ቁርጭምጭሚት ደካማ ነው፤ ይህ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» ይላል። አጠገቡ ያሉ ጓደኞቹም አብዛኛውን ጊዜ ይስማሙበታል።

ይህ ፍርድ በአብዛኛው የጫማውን ጥፋት በባለ እግሩ ላይ የሚያላክክ ነው። ጤናማ ቁርጭምጭሚት ያለው ሰው እንዲህ የሚሆነው ጫማው ሰፍቶት ወይም በአግባቡ ሳይታሰር ቀርቶ ሥራውን ስላልሠራለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት ያለው ሮለር ስኬት ምን ሥራ እንዲሠራ ታስቦ እንደተቀረጸና ያን ሥራ መሥራት የሚችለው በምን ሁኔታ እንደሆነ እንመለከታለን። አንባቢው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማረው የፊዚክስ ዕውቀት ያለፈ ነገር አያስፈልገውም።

ስፋቱን የተነጠቀ መቆሚያ

በባዶ እግራችን ወይም በተራ ጫማ ስንቆም ሚዛናችንን የምንጠብቀው ብዙም ሳናስብበት ነው። ይህን ከሚያስችሉን ነገሮች አንዱ የውስጥ እግራችን ስፋት ነው። መሬት ወደ ላይ የሚገፋን ኃይል በአንዲት ነጥብ ላይ ታስሮ የሚቀር አይደለም፤ ሰውነታችን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ኃይሉ የሚያርፍበት ነጥብም ወደዚያው ጎን ጠርዝ ይሄዳል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መርገጫ ላይ ይህ ነጥብ ከመሐል ወደየጎኑ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል መዘዋወሪያ አለው። ቁርጭምጭሚትን ወደ ጎን ሊያጥፍ የሚቃጣ ኃይል በመጣ ቁጥር ነጥቡ ቦታውን እየቀየረ ያስተካክለዋል።

ጎማዎቹ በአንድ መስመር በተደረደሩበት ጫማ ይህ ስፋት የለም። ጎማው አስፋልቱን የሚነካው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ቦታ ብቻ ነው። ይህም ሳይበቃ ጫማው እግርን ከመሬት ከፍ ያደርገዋል። ባለ 80 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ጎማዎች ባሉት ሮለር ላይ ተረከዝ ከአስፋልቱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ደግሞ ከዚያ በላይ ሌላ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። መገጣጠሚያው ከመሬት 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የተደገፈው ግን ስለት በሚያህል መስመር ላይ ነው ማለት ነው።

የባለጎማ ጫማ ታሪክም በዚሁ ችግር ዙሪያ ሲመላለስ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ፔቲብሌድ የተባለ ፈረንሳዊ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጫማ ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1863 ጄምስ ፕሊምፕተን የተባለ አሜሪካዊ ጎማዎቹን ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ አድርጎ ጥንድ ጥንድ ባቆማቸው ጊዜ የጠፋው ስፋት ተመለሰ። በዚህ ዓይነቱ ሮለር ላይ ለስላሳ የቆዳ ቡት ያለ ችግር ሊያገለግል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ከመቶ ዓመት በላይም «ሮለር ስኬት» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ይህንኑ ባለ ጥንድ ጎማውን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋቾች የነበሩት ስኮትና ብሬናን ኦልሰን የተባሉ ወንድማማቾች በረዶ በማይኖርበት ወቅት መለማመጃ የሚሆን ጫማ ፈለጉ። የበረዶ ስኬት የሚንሸራተተው በአንድ ስለት ላይ ስለሆነ ስሜቱን ሊተካ የሚችለው የአንድ መስመር ጎማ ብቻ ነበር። ጎማዎቹን በሆኪ ቡት ሥር ገጥመው መሸጥ ጀመሩ፤ ሮለርብሌድ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። እንግዲህ ስፋቱ ዳግመኛ ተነጠቀ። ስፋቱ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍም ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ሆነ።

ያ ሌላ ቦታ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ነበር። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በተራራ ቁልቁለት ላይ በረጃጅም ጣውላዎች የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች የሚጫሙት የቆዳ ቡት ነበር። ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ቡት ከሰዓት በኋላ ይላላል። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ዱቡክ በተባለች ከተማ ይሠራ የነበረው ቦብ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፕላስቲክ ቡት ይዞ ብቅ አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆዳ ከውድድር ሜዳ ጠፋ ማለት ይቻላል። በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን የምትገኘውና በጫማ ሠሪዎቿ የታወቀችው ሞንቴቤሉና የዚህ ኢንዱስትሪ መናኸሪያ ሆነች። በዚያው የተመሠረተው ኖርዲካ የተባለ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ አምራች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሮለርብሌድን በእጁ ማስገባቱ የሁለቱን ጫማዎች ዝምድና በግልጽ ያሳያል። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ጠንካራ ሮለር ቅርፊቱን፣ ዘለበቱንና የሚወልቀውን የውስጥ ጫማ የወረሰው ከዚያ ነው።

ቅርፊቱ የሚሸከመው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በአንድ እግሩ ቆሟል እንበል፤ ሮለር በሚነዳ ሰው ላይ ይህ በየእርምጃው የሚከሰት ነገር ነው። የክብደቱ ኃይል 590 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ጫማው ከነቁርጭምጭሚቱ 10 ዲግሪ ወደ ውስጥ ቢያዘነብል ከመሬት 17 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለው መገጣጠሚያ ከጎማዎቹ መስመር በላይ መሆኑ ይቀራል፤ 17 በ10 ዲግሪ ታንጀንት ሲባዛ በሚገኘው መጠን፣ ማለትም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይወጣል። የጎማው ጠርዝ ክብ መሆኑ ይህን ርቀት በመጠኑ ይቀንሰዋል፤ ለግምታችን ሲባል ግን እንተወው። 590 ኒውተን በ0.03 ሜትር ሲባዛ 18 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ቶርክ ይሰጣል። ቶርክ ስንል አንድን ነገር በመሽከርከሪያው ዙሪያ ለማዞር የሚሠራውን የኃይልና የርቀት ብዜት ማለታችን ነው።

የዚህ ቶርክ አስቸጋሪ ጠባይ መጠኑ ብቻ አይደለም። ጫማው ባዘነበለ መጠን ርቀቱ ይጨምራል፤ ርቀቱ በጨመረ መጠን ቶርኩ ያድጋል፤ ቶርኩ ባደገ መጠን ጫማው ይበልጥ ያዘነብላል። ማዘንበሉ ራሱን በራሱ ይመግባል ማለት ነው። በጣት ጫፍ ላይ የቆመ ዱላ መውደቅ ከጀመረ በኋላ እየፈጠነ የሚሄደው በዚሁ ሕግ ነው። ይህን በጎን በኩል የሚቋቋሙት ከቅልጥም ወደ እግር የሚወርዱ ጥቂት ቀጫጭን ጡንቻዎች ናቸው። ለአንድ ደቂቃ ሊቋቋሙት ይችላሉ፤ ለግማሽ ሰዓት በየእርምጃው እንዲቋቋሙት መጠበቅ ግን ከተሠሩበት ዓላማ ውጭ ነው። ጀማሪው «ደከመኝ» የሚለው እውነቱን ነው፤ የሚሳሳተው ምክንያቱን ሲናገር ነው።

ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጥቶ ቅልጥምን የሚያቅፈው የጫማው ክፍል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የማቀፊያው ጫፍ ከመገጣጠሚያው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን 18 ኒውተን ሜትሩን ለመመከት ቅልጥምን በ120 ኒውተን መግፋት ይበቃዋል፤ ይህም የ12 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ማቀፊያው ስድስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍታ ቢኖረው ግን ያንኑ ቶርክ ለመመከት 300 ኒውተን ያስፈልገዋል። ረጅም ክንድ ትንሽ ኃይል ይጠይቃል፤ ጉድጓድ ቆፋሪ በረጅም ብረት ድንጋይ ሲፈነቅል የሚጠቀምበት መላ ነው።

ታዲያ ቶርኩ የት ገባ? ጫማው አላጠፋውም፤ አሻገረው እንጂ። እግርና ቅልጥም እንደ አንድ ግትር ዘንግ ሆነው ሲያያዙ ሚዛን የመጠበቁ ሥራ ከቁርጭምጭሚት ትንንሽ ጡንቻዎች ወደ ጭንና ወደ ዳሌ ትልልቅ ጡንቻዎች ይተላለፋል። ይህ ማሻገር ዋጋ አለው። የበረዶ ሸርተቴ ቡት በፕላስቲክ ከተተካና ከፍ ካለ በኋላ የቁርጭምጭሚት ስብራት ሲቀንስ ከጉዳቶቹ መካከል የጉልበት ጅማቶች ድርሻ ጎልቶ ወጥቷል። በሮለርም ላይ በብዛት የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፤ የሚወድቅ ሰው እጁን ስለሚዘረጋ። ጠንካራ ጫማ የተጫማ ሰው የእጅ አንጓ መከላከያ ማድረጉን እንደ ትርፍ ነገር ሊቆጥረው አይገባም።

ግትርነት በአንድ አቅጣጫ፣ ነፃነት በሌላው

እስካሁን የተናገርነው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የተሻለው ጫማ ሐኪም የሚያስረው ጄሶ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሮለር የሚነዳ ሰው ጉልበቱን ማጠፍና ቅልጥሙን ወደ ፊት ማዘንበል አለበት፤ ያለዚያ የመንገዱን ጉርብጥብጥ የሚያበርድበት መንገድ የለውም። ደግነቱ ቁርጭምጭሚት ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ክፍል ሁለት መገጣጠሚያዎች አሉት። የላይኛው፣ በቅልጥም አጥንቶችና ከሥራቸው ባለው አጥንት መካከል ያለው፣ እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ከእርሱ በታች፣ ከተረከዝ አጥንት በላይ ያለው ደግሞ ውስጥ እግርን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። የጥሩ ቅርፊት ጥበብ ሁለተኛውን አስሮ የመጀመሪያውን መፍታት ነው።

ስለዚህም ብዙዎቹ ጠንካራ ሮለሮች ከሁለት ቁራጭ ይሠራሉ፤ አንደኛው እግርን የሚይዝ የታችኛው ቅርፊት፣ ሁለተኛው ቅልጥምን የሚያቅፈው ነው። ሁለቱን የሚያያይዟቸው በግራና በቀኝ፣ በቁርጭምጭሚት አጥንቶች አካባቢ የተበሱ ሁለት ቡሎኖች ናቸው። ቡሎኖቹን የሚያገናኘው መስመር የጫማው ማጠፊያ ዛቢያ ይሆናል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ወደ ጎን ግን አይታጠፍም።

እዚህ ላይ የአካላችን ቅርጽ አንድ ችግር ይፈጥራል። አንባቢው ሁለቱን የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች በጣቶቹ ቢዳስስ የውስጠኛው ከውጭኛው ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀደም ብሎ ያገኘዋል። የመገጣጠሚያው ዛቢያ በእነዚህ ጫፎች አጠገብ የሚያልፍ በመሆኑ አግድም ሳይሆን ዘመም ያለ ነው። የጫማው ቡሎኖች ከዚህ ዛቢያ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢርቁ ቅልጥም በ20 ዲግሪ ወደ ፊት በታጠፈ ቁጥር ጫማውና እግሩ እርስ በርስ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይንሸራተታሉ። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ቆዳው ውኃ ይቋጥራል። ጫማ ስንሞክር ቆመን ብቻ ሳይሆን ጉልበታችንን ደጋግመን እያጠፍን መሞከር የሚገባን ለዚህ ነው፤ የቆመ እግር ስለ ዛቢያ ምንም አይነግረንም።

ቅርፊቱ ግትር የሚሆነው በፕላስቲኩ ዓይነት ብቻ እንዳይመስለን። ቅርጹ ይበልጣል። ይህን ለማየት አንድ ወረቀት በቁመቱ ጠቅልለን ቱቦ እናድርገውና ዳርና ዳሩን በፕላስተር ከላይ እስከ ታች እንለጥፈው፤ ሁለቱን ጫፎች ይዘን ለመጠምዘዝ ስንሞክር እምቢ ይላል። አሁን ስፌቱን በምላጭ እንሰንጥቀው። ያው ወረቀት፣ ያው ውፍረት፣ ነገር ግን ያለ ምንም ችግር ይጠመዘዛል። የጫማ ቅርፊት እግር እንዲገባበት ከፊቱ መሰንጠቅ ስላለበት በተፈጥሮው የተሰነጠቀ ቱቦ ነው። ዘለበቶቹ ሲቆለፉ ስንጥቁን መልሰው ይገጥሙታል። ስለሆነም ዘለበቱን አላልቶ የሚነዳ ሰው ጫማውን ምቹ ያደረገ ቢመስለውም የከፈለበትን ግትርነት እየጣለ ነው። ውፍረትም ቢሆን ትልቅ ድርሻ አለው። የአንድ ሰሌዳ የመታጠፍ ግትርነት ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ ሦስት ሚሊ ሜትሩን ወደ ሁለት ያወረደ አምራች ከግትርነቱ የቀረለት 30 በመቶ ብቻ ነው፤ በርካሽ ሮለሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው መለማመጥ ከዚህ የመጣ ነው።

ከዘለበቶቹ ሁሉ ጠቃሚው ደግሞ ሰዎች ቸል የሚሉት የመካከለኛው ነው። ይህ ማሰሪያ ከተረከዝ አካባቢ ተነሥቶ በእግር የላይኛው ገጽ ላይ በ45 ዲግሪ ገደማ ያልፋል። በዚህ አንግል የተወጠረ ማሰሪያ ከውጥረቱ 0.7 ያህሉን ወደ ታች፣ 0.7 ያህሉን ወደ ኋላ ያውለዋል፤ ማለትም ተረከዝን በአንድ ጊዜ መሬት ላይም ከኋላው ጎድጓዳ ቦታ ላይም ያስቀምጠዋል። ተረከዙ ከተነሣ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ስለ ቁሱ ጥቂት ቃላት

ቅርፊቶቹ የሚሠሩት ፕላስቲኩ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲገባ ነው። በብዛት የሚያገለግሉት ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊዩሪቴን ናቸው። የመጀመሪያው ርካሽና ቀላል ነው፤ ለተመሳሳይ መጠን ከሁለተኛው አንድ አራተኛ ያህል ክብደት ይቀንሳል፣ አንዳንዴም በመስታወት ጭረት ይጠናከራል። ሁለተኛው ንዝረትን የተሻለ ያበርዳል፤ አንድ ቦታ ላይ አጥንት ከነካም ሙያተኛ አሙቆ ገፋ ሲያደርገው አዲሱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

የካርቦን ፋይበርን ጉዳይ ሳናነሣ ብናልፍ ግን አንባቢው ይታዘበናል። የፍጥነት ተወዳዳሪዎች የሚጫሙት የካርቦን ቡት ከቁርጭምጭሚት በላይ እምብዛም የማይወጣ አጭር ነው። ይህ እስካሁን ያልነውን ሁሉ አያፈርሰውም? አያፈርሰውም። የእነዚህ ቡቶች የታችኛው ክፍል ተረከዝን እንደ ሻጋታ የያዘ በመሆኑ በእግርና በጫማ መካከል ክፍተት የሚባል ነገር የለም፤ በላይኛው ረገድ የጎደለውን ደግሞ ስፖርተኛው በዓመታት ልምምድ ያዳበረው ጡንቻና ቴክኒክ ይሞላዋል። ከዚህ የምንረዳው ከፍታ ልክን አይተካም የሚለውን ነው። ልኩ ያልሆነ ረጅም ጫማ ልኩ ከሆነው አጭር ጫማ ይልቅ ቁርጭምጭሚትን ያጋልጣል።

ልክ ማለት ምን ማለት ነው?

ይህን በቁጥር እንየው። ከቁርጭምጭሚት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በቅልጥምና በማቀፊያው መካከል አምስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ቅልጥም ከማቀፊያው ጋር የሚገናኘው ሁለት ዲግሪ ገደማ ካዘነበለ በኋላ ነው። ክፍተቱ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ስድስት ዲግሪ የሚጠጋ ማዘንበል ያልፋል። እስከዚያ ድረስ ጫማው ለባለቤቱ እንደሌለ ይቆጠራል። ማዘንበል ራሱን በራሱ የሚመግብ መሆኑን ካስታወስን ስድስት ዲግሪ ዘግይቶ የደረሰ ድጋፍ ምን ያህል እንደሚረባ መገመት አያዳግትም። መግቢያችን ላይ ያየነው ጀማሪ የገጠመው ይህ ነው። ጫማውን ከጓደኛው የተዋሰ ወይም ልባሽ ከሚሸጥበት በዋጋው ተማርኮ የገዛ ሰው ከልኩ አንድ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ውስጥ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ወላጆችም «ሲያድግበት ይሆነዋል» በማለት ይህንኑ ያደርጋሉ። ለተራ ጫማ ያ ቁጠባ ነው፤ ለሮለር ግን ልጁ ድጋፍ በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ድጋፉን መንሳት ነው። ለሚያድግ ልጅ ርዝመቱ በጥቂት ቁጥሮች የሚስተካከል ሮለር ስለሚሠራ እርሱን መምረጥ ይሻላል።

በጫማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ብዙ አሳሳች ነው። የአውሮፓው ቁጥር አንዱ እርከን ሁለት ሦስተኛ ሳንቲ ሜትር ነው፤ 42 ቁጥር ማለት 28 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የሚለካውም ጫማው የተሠራበት ቅርጽ እንጂ እግር አይደለም። የእንግሊዙ እርከን ደግሞ የኢንች አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ያለ ማጠጋጋት አይመሳከሩም። ከሁሉ የሚሻለው ሞንዶፖይንት የሚባለው ነው፤ በቀጥታ የእግርን ርዝመት ይናገራል። 265 ማለት 26.5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው እግር ማለት ነው። እግርን ለመለካት አመሻሽ ላይ፣ እግር ቀን ሙሉ ተረግጦበት ጥቂት ካበጠ በኋላ፣ ተረከዝን ግድግዳ አስነክቶ ሙሉ ክብደትን ጭኖ መቆምና የረጅሙን ጣት ጫፍ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ እኩል ሆነው የሚገኙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ብዙ አምራቾች አንዱን ቅርፊት ለሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ይጠቀሙበታል፤ የሚለየው የውስጥ ጫማው ውፍረት ብቻ ነው። በመሆኑም እውነተኛው ፈተና የሚደረገው በባዶ ቅርፊት ላይ ነው። የውስጥ ጫማውን አውጥተን እግራችንን እናስገባና ጣቶቻችን ከፊት እስኪነኩ ድረስ ወደ ፊት እንግፋ። ከተረከዝ ኋላ የሚቀረው ቦታ አንድ ጣት ውፍረት ወይም ጥቂት ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ልክ ነው። ሁለት ጣት ያለ ችግር ከገባና ቦታ ከተረፈ ቅርፊቱ ትልቅ ነው፤ ወፍራም ካልሲ በመደረብ የሚድን አይደለም፤ ካልሲው ራሱ ስለሚጨፈለቅ ክፍተቱን የሞላ መስሎ ለኃይል ቦታ ይለቃል።

ከዚያ የውስጥ ጫማውን መልሰን ሁሉንም እንቆልፍ። ቀጥ ብለን ስንቆም ጣቶች ጫፉን ለስለስ አድርገው መንካት አለባቸው። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ደንግጦ ትልቁን ቁጥር ይጠይቃል። ከመደንገጡ በፊት ጉልበቱን ቢያጥፍ ተረከዙ ወደ ኋላ ሲገባና ጣቶቹ ሲላቀቁ ይሰማዋል። በተጨማሪም የውስጥ ጫማው ስፖንጅ በአጠቃቀም ስለሚጨፈለቅ አዲስ ሳለ ጠበብ ያለው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሰፋል፤ አዲስ ሳለ የሰፋው ግን ከጊዜ ብዛት አይጠብም።

ይህ ማለት ሕመም ሁሉ ይታገሡት ማለት አይደለም። ቀደም ሲል ያገኘነው 120 ኒውተን 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ 20 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በየእርምጃው ስለሚመጣና ስለሚሄድም ደም የሚዘዋወርበት ጊዜ ያገኛል። ያው ኃይል ሁለት ካሬ ሳንቲ ሜትር በሆነች የአጥንት ጉብታ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ ሠላሳ እጥፍ አድጎ 600 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። በእኩል የተዳረሰ ጥብቀት ደህና ምልክት ነው፤ በአንዲት ነጥብ የሚወጋ ሕመም ግን ቅርፊቱ ከእግሩ ቅርጽ ጋር አለመስማማቱን ያመለክታል። ለነጥቡ መፍትሔው ነጥቡን ማስፋት ነው፤ በሙያተኛ ቅርፊቱን በዚያ ቦታ ብቻ ማስገፋት ወይም የውስጥ ጫማውን በአምራቹ መመሪያ መሠረት በሙቀት መቅረጽ ይቻላል። ስለ አንዲት ነጥብ ብሎ በሁሉም አቅጣጫ የሚበልጥ ጫማ መግዛት አንዱን ችግር በአምስት መለወጥ ነው። እግር መደንዘዝ ከጀመረ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፊተኛው ማሰሪያ ከመጠን በላይ መጥበቁ ነው፤ የፊተኛውን አላልቶ የመካከለኛውን ማጥበቅ ይቻላል።

ያረጀ ፕላስቲክ

ልባሽ ሮለር ለሚገዛ ሰው ከልክ ቀጥሎ ሊያሳስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቅርፊቱ ከውጭ ያልተነካ ቢመስልም ዕድሜው ሊያልቅ ይችላል። አንዳንድ የፖሊዩሪቴን ዓይነቶች፣ በተለይም ኤስተር የተባለው ኬሚካዊ ማያያዣ ያለባቸው፣ ከአየር እርጥበት ጋር ቀስ በቀስ ይዋሐዳሉ። ውኃ ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች እየቆረጠ ያሳጥራቸዋል፤ ይህ ሂደት ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ጫማው ባይለበስም ሂደቱ አይቆምም። ዓመታት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ «አዲስ ነው» የተባለ የበረዶ ወይም የተራራ መውጫ ቡት በተጫማው ሰው እግር ላይ የተፈረካከሰበት ጊዜ ብዙ ነው። የሮለር ጎማዎችም ከፖሊዩሪቴን ስለሚሠሩ ከዚሁ ዕጣ አያመልጡም። ፖሊፕሮፒሊን ከሃይድሮሊሲስ ነፃ ቢሆንም የፀሐይ ጨረር ለረጅም ጊዜ ሲመታው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል።

ሻጩ ፊት ሊደረግ የሚችለው ምርመራ ቀላል ነው። ቡሎኖቹና ዘለበቶቹ የተበሱባቸውን ቀዳዳዎች ዙሪያ ለቀጫጭን ስንጥቆች በብርሃን ማየት፤ የቅልጥም ማቀፊያውን በሁለት እጅ ይዞ ከፈት አድርጎ መልቀቅና ወደ ቦታው በፍጥነት መመለሱን መመልከት፤ ጎማውንና ቅርፊቱን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ማለት። የጥፍሩ ምልክት ሳይጠፋ ከቀረ፣ ጣት ላይ የሚያጣብቅ ነገር ወይም ዱቄት የሚመስል ብናኝ ከተረፈ ጫማው ለግድግዳ ጌጥ ይሁን እንጂ አስፋልት ላይ አይውጣ።